የኮድ ማስቀመጫው በነጻ ሲሆን የእኛ የሆነው የቱ ነው?

ጁን 4 ቀን 2018 ማይክሮሶፍት ጊትሃብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ መሆኑን አስታወቀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጊትሃብ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን በነጻ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ነው። ዜናው በተሰማ በቀናት ውስጥ ብዙዎች ኮዳቸውን ይዘው ወደ ተፎካካሪው ወደ ጊትላብ ፈለሱ፤ ጊትላብም በዚያ ሰሞን የሚገባለት ኮድ ከወትሮው አሥር እጥፍ መድረሱን ተናግሯል። ከሄዱት በብዙ የሚበልጡት ደግሞ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም።

የሄዱትም የቀሩትም ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። የሄዱት፣ በነጻ የተሰጠ ነገር ሰጪው ሐሳቡን የቀየረ ዕለት ያበቃል ብለው ያምናሉ፤ ስለዚህ በራስ ሰርቨር (ሁልጊዜ በርቶ ሌሎችን በሚያገለግል ኮምፒውተር)፣ በራስ እጅ መሥራት ይሻላል ይላሉ። የቀሩት ደግሞ ሰርቨር ማስተዳደር ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ያን ጊዜ ለዋናው ፕሮግራም ባውለው ይሻለኛል ባዮች ናቸው። ከሙያው ውጭ ላለ ሰው ነገሩ የምርጫ ጉዳይ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ግን ስልካችን፣ ባንካችን፣ በአማርኛ የምንጽፍበት ቁልፍ ሰሌዳ ሳይቀር የሚሠሩት በእንዲህ ያለ ኮድ ነው፤ ኮዱ የት እንደተቀመጠና ማን ሊዘጋው እንደሚችል ማወቅ ሁላችንንም ይመለከታል።

በእኔ እምነት ከሁለቱም አቋም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ። ነገ መውጣት ግድ ቢሆን ይዤ የምወጣው ምንድን ነው? ጥዬው የምሄደውስ? ይህን ለይቶ ያወቀ ሰው በነጻው ቦታም ቢሆን ተረጋግቶ መሥራት ይችላል። ያላወቀ ሰው የራሱን ሰርቨር ቢተክልም አደጋው አብሮት ይገባል።

ስጦታው የተነሣ ጊዜ

ፕሮግራም ሲጻፍ በመሠረቱ የጽሑፍ ፋይሎች ክምችት ነው። ፋይሎቹ በየቀኑ ይለወጣሉ፤ አንዳንዱን ፕሮጀክት አንድ ሰው፣ አንዳንዱን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይነካኩታል። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር፣ ለምን እንደለወጠ የሚመዘግብ፣ ስህተት ሲገኝም ወደ ኋላ የሚመልስ መሣሪያ ያስፈልጋል። ዛሬ ለዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የሚያገለግለው ጊት ነው። የጊት አወላለድ ደግሞ የዚህ ክርክር ግማሹን ይናገራል።

የሊኑክስ ከርነል የአብዛኛው የዓለም ሰርቨርና የአንድሮይድ ስልኮች የሥርዓት እምብርት ነው። ከ2002 ጀምሮ ኮዱ ይተዳደር የነበረው ቢትኪፐር በተባለ የንግድ መሣሪያ ነበር። ባለቤቱ ኩባንያ ለኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ለሆነ ፕሮጀክቶች በነጻ ፈቅዶታል፤ ፈቃዱ ግን ተጠቃሚው ተፎካካሪ መሣሪያ እንዳይሠራ የሚል ግዴታ ነበረበት። ያኔውኑ ከከርነሉ ሰዎች ብዙዎቹ ተቃውመዋል። የፕሮጀክቱ መሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ መሣሪያው ሥራዬን ያቀልልኛል ብሎ ቀጠለበት፤ እውነትም አቀለለት። በ2005 አንድሩ ትሪጅል የተባለው ታዋቂ ፕሮግራመር ከቢትኪፐር ሰርቨር ጋር የሚነጋገር የራሱን ፕሮግራም ለመሥራት ሲሞክር ኩባንያው ነጻውን ፈቃድ አነሣ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ብዙ ጊዜ አንድ ጎበዝ ሰው ተነሥቶ ሁሉን በራሱ ሠራ ተብሎ ይተረካል። እውነታው ከዚያ የተለየና የበለጠ የሚያስተምር ነው። ቶርቫልድስ መጀመሪያ ያሉትን አማራጮች ፈተሸ። ሞኖቶን የተባለው መሣሪያ በሐሳቡ ስቦት ነበር፤ ለከርነሉ ስፋት ግን እጅግ ይዘገይበታል። የሚሆነውን አጥቶ ነው የራሱን ወደ መጻፍ የሄደው። በኤፕሪል 2005 መጀመሪያ ጀመረ፤ በቀናት ውስጥ የጊት ኮድ ራሱ በጊት መመዝገብ ቻለ፤ በጁን የወጣው የከርነሉ 2.6.12 እትም በጊት ተዳደረ። በጁላይ ጊትን ለጁኒዮ ሃማኖ አስረክቦ ወደ ዋናው ሥራው ተመለሰ፤ ሃማኖም ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት መርቶታል።

ሁለቱም ወገን ይህን ታሪክ ለራሱ ይጠቅሳል። አንዱ የንግድ ድርጅት ስጦታ መጨረሻው ይህ ነው ይላል። ሌላው ስጦታው ለሦስት ዓመት ጠቅሟል፣ ሲነሣም ሥራው አልሞተም ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ገጽታው ነው። የሊኑክስ ሰዎች ከችግሩ የወጡት መሪያቸው በቀናት ውስጥ አዲስ መሣሪያ መጻፍ የሚችል ሰው ስለነበረ ነው። በሌላ ፕሮጀክት ላይ ቢደርስ ኖሮ ሥራው ለወራት ይቆም ነበር። በራሴ እወጣዋለሁ የሚል ሰው አቅሙን መለካት ያለበት ከዚህ አንጻር ነው።

ቶርቫልድስ ከቢትኪፐር የወረሰው ትልቁ ሐሳብ ሥራው አንድ ማእከል እንዳይኖረው ማድረግን ነው። በቀደሙት መሣሪያዎች ታሪኩ የሚቀመጠው በአንድ ሰርቨር ላይ ሲሆን ሠራተኛው የዕለቱን ፋይል ብቻ ይወስድ ነበር። በጊት ግን ኮዱን የገለበጠ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ያለውን ታሪክ በሙሉ ይዞ ይሄዳል። ድሮ አንድ ደብር ያለውን መጽሐፍ ሌላው ደብር ጸሐፊ ልኮ ሙሉውን ያስገለብጥ ነበር፤ አንዱ ጋ እሳት ቢነሣ መጽሐፉ በሌላው ይተርፋል። የጊት አሠራርም እንዲሁ ነው። በላዩ ላይ እያንዳንዱ የተመዘገበ ለውጥ ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ቁጥር ስላለው፣ አንድ ፊደል እንኳ ተደብቆ ቢለወጥ ቁጥሩ አልገጥምም ብሎ ያጋልጣል።

ይህ በተግባር ታይቷል። በኦገስት 2011 የሊኑክስ ከርነል ኦፊሴላዊ ሰርቨሮች በሰርጎ ገቦች መደፈራቸው ታወቀና ድረ ገጹ ለሳምንታት ተዘጋ። ቶርቫልድስ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ኮዱን ለጊዜው ጊትሃብ ላይ አስቀመጠና ሥራው ቀጠለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሙሉ ቅጂዎች በየሰው ኮምፒውተር ስለነበሩ ኮዱ ተነካክቶ እንደሆነ ማመሳከር ይቻል ነበር። በራሱ ሰርቨር የሚተዳደረው የዓለማችን ታዋቂ ፕሮጀክት ክፉ ቀን ሲገጥመው መጠጊያ የሆነው በነጻ የሚሰጥ የንግድ አገልግሎት መሆኑን ልብ ይሏል።

ጊት የማይዘው

እንዲህ ከሆነ፣ ሁሉም ሰው ሙሉ ቅጂ ካለው ማስቀመጫ ድረ ገጽ ለምን አስፈለገ? መገናኛ ስለሚያስፈልግ ነው። አዲስ አበባ ያለው ፕሮግራመር ሌሊት ላፕቶፑን ሲያጠፋ ዋሽንግተን ያለው ጓደኛው ሥራውን ከየት ይወስዳል? ሁልጊዜ የሚበራ፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ አድራሻ መኖር አለበት። ሶርስፎርጅ ከ1999 ጀምሮ ይህን በነጻ ይሰጥ ነበር። በ2008 የተከፈተው ጊትሃብ በዚያ ላይ አንድ ነገር ጨመረ፤ ኮዱን ብቻ ሳይሆን ሰዎቹንም አንድ ቦታ ሰበሰበ። ማንም ሰው የሌላውን ኮድ ገልብጦ፣ አሻሽሎ፣ እባክህ ይህን ተቀበለኝ ብሎ የሚልክበት መንገድ አበጀ። ይህ ፑል ሪኩዌስት ይባላል። ስህተት ያገኘ ኢሹ የተባለ የችግር ማስታወቂያ ይከፍታል፤ የወደደ ኮከብ ይሰጣል፤ ቀጣሪ ገጹን አይቶ ሰውየው ምን እንደሚችል ይገምታል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛው ሰውም የሚስተው ይህንን ነው። ጊት የሚይዘው ፋይሎቹን፣ የለውጥ ታሪካቸውን፣ ቅርንጫፍ የሚባሉትን ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮችና የእትም ምልክቶቹን ነው። ኢሹዎቹ፣ በፑል ሪኩዌስት ላይ የተደረገው ውይይት፣ ለምን ይህን መንገድ መርጠን ያን ተውነው የሚለው ረጅም ምልልስ፣ ማን ምን የማድረግ ፈቃድ እንዳለው፣ ለተጠቃሚ የተዘጋጀው የሚጫን ፋይል፣ የይለፍ ቃሎቹ፣ እነዚህ ሁሉ የሚኖሩት በድርጅቱ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ውስጥ ነው። ኮዱን ስትገለብጡ አብረው አይመጡም። ኮዱ በተላከ ቁጥር በራሱ እንዲፈተሽ የሚያዝዘው ፋይል ደግሞ መሐል ላይ ነው፤ ፋይሉ ከኮዱ ጋር ይመጣል፣ የተጻፈው ግን ያ ድርጅት ብቻ በሚረዳው አጻጻፍ ስለሆነ ሌላ ቦታ እንደገና መጻፍ አለበት።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያመዝን ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ ላይ የደረሰው ያሳያል። አንድ የድርጅቱ ሠራተኛ ሌሊት ላይ ከተጓዳኙ ሰርቨር ሊያጠፋ ያሰበውን ዳታቤዝ ከዋናው ላይ አጠፋው። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበራቸው፤ ሲፈተሹ አንዱም እንደታሰበው እየሠራ አልነበረም። የተረፉት ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ዓላማ በተወሰደ ቅጂ ነው። የጠፋው ምን ነበር? በነዚያ ሰዓታት የተከፈቱ ኢሹዎች፣ አስተያየቶችና የተጠቃሚ መዝገቦች። በጊት ውስጥ ያለው ኮድ አልጠፋም። ድርጅቱ የደረሰበትን ሁሉ በዝርዝር ለሕዝብ መግለጹ የሚያስመሰግነው ነው፤ ብዙ ባለሙያ የራሱን ባክአፕ መልሶ ለመፈተሽ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ነጻው ማን ከፍሎበት ነው?

የኮድ ጽሑፍ ቦታ አይፈጅም። የብዙ ዓመት ሥራ ያለበት ፕሮጀክት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ፊልም ያነሰ ቦታ ይይዛል። ጊትሃብ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነን ነጠላ ፋይል የማይቀበለውም ማስቀመጫው የኮድ እንጂ የቪዲዮ እንዳይሆን ነው። ለድርጅቱ የሚገባው ገንዘብ በዋናነት ከኩባንያዎች ይመጣል። ተማሪው በነጻው ይለምዳል፤ ሥራ ሲይዝ መሥሪያ ቤቱ የለመደውን መሣሪያ ይገዛል። ቀድሞ ኮዱ ለሌላ ሰው እንዳይታይ የፈለገ መክፈል ነበረበት፤ ከማይክሮሶፍት ግዢ በኋላ በጃንዋሪ 2019 እስከ ሦስት ተባባሪ ድረስ በነጻ ተፈቀደ፣ በኤፕሪል 2020 ደግሞ የሰው ቁጥር ገደቡ ተነሣ። መልቀቅ አለብን ይሉ የነበሩ አንዳንዶች በዚህ ተረጋጉ።

ከዚያ ሌላ ክፍያ መጣ። በጁን 2021 ጊትሃብ ኮፓይለትን አሳየ፤ ፕሮግራመሩ ሲጽፍ ቀጣዩን መስመር የሚጠቁም፣ በሕዝብ ፊት በተቀመጠ ኮድ የሠለጠነ መሣሪያ። በ2022 ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ፕሮግራመሮች ጊትሃብን እንዲለቁ በይፋ ጠራ፤ በኖቬምበርም ካሊፎርኒያ ውስጥ በጊትሃብ ላይ ክስ ተመሠረተ። የተቃዋሚዎቹ ቅሬታ እንደ ስስት ሲታይ አዝናለሁ። ኦፕን ሶርስ ማለት ያለ ቅድመ ሁኔታ የተጣለ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ፈቃዶች የጸሐፊውን ስም ጠብቅ፣ አንዳንዶቹም ካሻሻልከው አንተም ክፈተው የሚል ግዴታ አላቸው። አንድ መሣሪያ ኮዱን አንብቦ ያለ ስም ሲያወጣው፣ ስሙን ብቻ የጠየቀ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው።

ሲዘጋ ምን ይመስላል?

ነጻ ማስቀመጫ የሚያበቃበት መንገድ ብዙ ነው። ጉግል በ2006 የከፈተውን የኮድ ማስቀመጫ በማርች 2015 ሊዘጋ መሆኑን አስታውቆ በጃንዋሪ 2016 ዘጋው። አዘጋጉ ጨዋ ነበር፤ ጊዜ ሰጠ፣ ወደ ጊትሃብ የሚያሻግር መሣሪያ አቀረበ፣ የቆየውንም ለንባብ አኖረ። ያም ሆኖ ባለቤቱ የሞተበት ወይም የተወው ፕሮጀክት የሚያሻግረው አላገኘም።

የሶርስፎርጅ ግን ያማል። በ2000ዎቹ የኦፕን ሶርስ መናኸሪያ የነበረው ይህ ድረ ገጽ ገቢው ሲደክም፣ ሰዎች ለሚያወርዷቸው ፕሮግራሞች ማስታወቂያና ያልተጠየቁ ተጨማሪ ፕሮግራሞች የሚያያይዝ ማስጫኛ ጀመረ። ጊምፕ የተባለው የሥዕል ማስተካከያ ፕሮግራም ቡድን በ2013 ጥሎ ወጣ። በ2015 ድረ ገጹ የተተወ ያለውን የጊምፕ የዊንዶውስ ገጽ ራሱ ይዞ ማስታወቂያ የተለጠፈበትን ማስጫኛ ሲያድል ተገኘ። በ2016 ባለቤት ሲቀየር አሠራሩ ቀረ፤ የጠፋው እምነት ግን አብዛኛው አልተመለሰም።

ቢትበኬት ደግሞ አልተዘጋም፣ አቅጣጫ ቀየረ። መጀመሪያ የተመሠረተው የጊት ተፎካካሪ ለሆነው ለመርኩሪያል ነበር፤ በ2019 መርኩሪያልን ልተው ነው አለና በ2020 ማስቀመጫዎቹን አነሣ። ሶፍትዌር ሄሪቴጅ የተባለው፣ በፈረንሳይ የምርምር ተቋም በኢንሪያ አማካይነት በ2016 ይፋ የሆነ ቤተ መዛግብት፣ ከመጥፋታቸው በፊት ሩጦ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩትን አተረፈ።

ከሁሉ በላይ እንደ እኛ ካለ አገር ሆኖ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የማዕቀብ ጉዳይ ነው። በጁላይ 2019 ጊትሃብ የአሜሪካን የንግድ ማዕቀብ ለማክበር በኢራን፣ በሶሪያና በክሪሚያ ያሉ ተጠቃሚዎችን አገደ። ለሕዝብ የተከፈተው ኮድ ይታያል፤ ሰዎቹ ለብቻቸው ያስቀመጡት ግን ቅጂ ውሰዱ የሚል ማስጠንቀቂያ ሳይቀድም ተቆለፈ። ከዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2021፣ ድርጅቱ ከአሜሪካ መንግሥት ልዩ ፈቃድ አግኝቶ ለኢራናውያን መልሶ ከፈተ። ጊትላብም በ2018 ሰርቨሮቹን ወደ ጉግል ክላውድ ሲያዛውር ጎረቤታችን ሱዳንን ጨምሮ ማዕቀብ ካለባቸው አገሮች መግባት እንደማይቻል አስታውቋል። እነዚያ ፕሮግራመሮች ያጠፉት ነገር አልነበረም። ችግሩ የተወለዱበት ወይም የሚኖሩበት ቦታ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ፕሮግራመር ይህን ክርክር ሲሰማ ምርጫው ከአውሮፓው ባልደረባው እኩል አይደለም። በውጭ ምንዛሪ እጥረት ምክንያት ከአገር ውጭ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ለብዙ ሰው ሲበዛ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። በወር 5 ዶላር የሚከራይ ሰርቨር ለሌላው ከቡና ዋጋ የማይለይ ሲሆን ለዚህኛው ገንዘቡ በእጁ እያለም የማይገዛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነጻው ማስቀመጫ ለእሱ ብቸኛው በር ነው፤ ገጹ የሥራ ማመልከቻው፣ ከዓለም ጋር የሚሠራበት ወንበሩ ነው። ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ ቃላት መተንተኛነት የሚያገለግለው፣ ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎም ለማንም ተመራማሪ በነጻ የሚገኘው በጊትሃብ ነው። በነጻ ቦታ መሥራት ስንፍና ነው የሚል ሰው ይህን ቢያስብ ደስ ይለኛል።

በሌላ በኩል ኢንተርኔት በሚቋረጥበት አገር በራስ የመሥራት አቅም ትርጉሙ ይከብዳል። በ2020 ከጁን መጨረሻ ጀምሮ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ጊት ያለ መረብ ይሠራል፤ ለውጡን መመዝገብ፣ ታሪኩን ማገላበጥ፣ ቅርንጫፍ መክፈት ሁሉ በራስ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ሁለት ሰዎችም በፍላሽ ዲስክ መለዋወጥ ይችላሉ። የሚያቆመው ሌላው ነው፦ ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸውን የሌሎች ሰዎች ኮዶች ከመረብ ማውረድ፣ መመሪያ ማንበብ፣ የተቸገሩበትን መጠየቅ።

አሥራ አንድ መስመር

በሌሎች ኮድ ላይ መደገፍ የዚሁ ጥያቄ ሌላ ፊት ነው። ማርች 22 ቀን 2016 በዓለም ዙሪያ የብዙ ኩባንያዎች ፕሮግራም መገንባት አቆመ። ምክንያቱ ሌፍትፓድ የተባለ 11 መስመር ኮድ ነበር፤ ሥራው ከአንድ ቃል በስተግራ ክፍት ቦታ መሙላት ብቻ ነው። ባለቤቱ በሌላ ፕሮጀክቱ ስም ላይ ከአንድ ኩባንያ ጋር ተከራክሮ፣ ኮዱ የተቀመጠበት ኤንፒኤም የተባለው ማስቀመጫ ለኩባንያው ሲወስን፣ ያስቀመጣቸውን ከ250 በላይ ሥራዎች በሙሉ አነሣ። ትንሿን ኮድ በቀጥታ የተጠቀሙባት ጥቂት ነበሩ፤ ግን አንዱ በሌላው፣ ሌላው በሌላው ላይ ተደግፎ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች ሳያውቁት ወደ እሷ ይደርሱ ነበር። ኤንፒኤም በሰዓታት ውስጥ ኮዱን መልሶ አኖረ፤ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን ሥራ እንዲሁ ማንሣት እንዳይቻልም ደንቡን ቀየረ።

ከዚያ ወዲህ፣ 11 መስመር በራሱ መጻፍ ያቃተው ትውልድ ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። ወቀሳው ግማሽ እውነት አለው። ትንሽ ነገርን በራስ መጻፍ ለመማርም ለመተማመንም ይበጃል። ነገር ግን ምስጢራዊ መልእክት የሚቆልፍ፣ የይለፍ ቃል የሚጠብቅ ወይም የጊዜ ቀጠናዎችን የሚያሰላ ኮድ በራሴ እጽፋለሁ የሚል ሰው ሌሎች በብዙ ዓመት ያገኟቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ሊደግማቸው ነው። እኔ የምጠይቀው ይህ ኮድ ቢጠፋ በአንድ ቀን ልተካው እችላለሁ ወይ የሚለውን ነው። ከቻልኩ ራሴ ልጽፈው እችላለሁ፤ ካልቻልኩ ቅጂውን በራሴ ዲስክ አስቀምጣለሁ፣ ማን እንደሚንከባከበውም አውቃለሁ።

በራስ መሥራትን እስከ ጥግ የወሰደው ሰው ሪቻርድ ሂፕ ነው። ለአሜሪካ የባሕር ኃይል መርከብ በሚሠራ ፕሮጀክት ላይ ሳለ ዳታቤዙ የሚገኝበት ሰርቨር ሲወድቅ የእሱም ፕሮግራም አብሮ ይቆም ነበር። ሰርቨር የማያስፈልገው፣ በአንድ ፋይል ውስጥ የሚያድር ዳታቤዝ ቢኖርስ ብሎ በ2000 ኤስኪውላይትን አወጣ። ዛሬ በየአንድሮይዱና በየአይፎኑ ውስጥ አለ። ሂፕ ኤስኪውላይትን በሌላ ሰው የለውጥ መመዝገቢያ ማስተዳደር ስላልተመቸው ፎሲል የተባለውን የራሱን ጻፈ፤ በራሱ ሰርቨሮችም ያስተናግደዋል። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ከውጭ የሚላክ ለውጥ ግን በአብዛኛው አይቀበልም።

ይህ የተሳካው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። ሥራው በጥቂት ሰዎች አእምሮ ውስጥ ሊያድር የሚችል ስፋት አለው፤ ኤስኪውላይትን የሚጠቀሙ ትላልቅ ኩባንያዎችም ለእንክብካቤው ይከፍላሉ። ገንዘቡም ጊዜውም የሌለው ሰው የሂፕን መንገድ ልከተል ቢል ሰርቨር ሲጠግን ፕሮግራሙን ይረሳል። በራሱ ቤት የተከለ ሰው ደግሞ መብራት ሲጠፋ፣ የደኅንነት ማሻሻያ ሲወጣ፣ ዲስክ ሲበላሽ ተጠሪው ራሱ ነው። ሶርስኸት የተባለው፣ ከትልልቆቹ ተለይቶ በትንሽ ቡድን የሚተዳደር ማስቀመጫ በጃንዋሪ 2024 በሐሰተኛ የመረብ ጭነት ተጥለቅልቆ ለቀናት ከአገልግሎት ወጥቶ ነበር።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ እየሰፋ መጥቷል። በርሊን ያለው ኮድበርግ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው፤ የሚኖረው በአባላት መዋጮና በልገሳ ነው፣ የሚሠራበትም ፎርጄጆ የተባለው ሶፍትዌር ለማንም ክፍት ስለሆነ ማኅበሩ ቢከስም ሌላው ያንኑ ይተክላል። በ2025 መጨረሻ የዚግ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፕሮጀክት ጊትሃብን ትቶ ወደዚያ ሄዷል። ማኅበር መሆኑ ከመውደቅ አያድነውም፤ ለባለአክሲዮን ተብሎ እንዳይሸጥ ግን ይጠብቀዋል።

ገንዘብ ሳያወጡ ዛሬውኑ የሚደረግ ነገር አለ። ጊት አንዱን ኮድ ወደ ሁለትና ሦስት አድራሻ በአንድ ትእዛዝ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል፤ ጊትሃብ ላይ የሚሠራ ሰው ኮድበርግ ወይም ጊትላብ ላይ መንታ ቅጂ ያኑር፣ ሦስተኛውንም በቤቱ ዲስክ። ለሕዝብ የተከፈተ ኮድ ከሆነ ሶፍትዌር ሄሪቴጅ እንዲያስቀምጠው መጠየቅ ነጻ ነው። ኢሹዎችን በየጊዜው አውጥቶ በፋይል ማኖር የሚያስችሉ መሣሪያዎችም አሉ። ፕሮግራሙ ከባዶ ኮምፒውተር ተነሥቶ እንዴት እንደሚገነባ በአንድ ገጽ ጽፎ ከኮዱ ጋር ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የሚረሳው ነው። መልሶ ያልተፈተሸ ባክአፕን እንደ ባክአፕ መቁጠር እንደማይገባ ጊትላብ ላይ የደረሰው በቂ ምስክር ነው።

እስካሁን ሙሉ መፍትሔ ያልተገኘለት የውይይቱ ጉዳይ ነው። ፎሲል የስህተት መዝገቡንና ሰነዱን ከኮዱ ጋር በአንድ ፋይል ስለሚያስቀምጥ የገለበጠ ሰው ሁሉንም ይወስዳል፤ ተጠቃሚው ግን ጥቂት ነው። የሊኑክስ ከርነል ሰዎች ዛሬም የሚከራከሩት በኢሜይል ነው፤ የኢሜይሎቹ መዝገብ ራሱ በጊት ተቀምጦ ማንም እንዲገለብጠው ተከፍቷል። የፎርጄጆ ሰዎች ደግሞ በአንዱ ሰርቨር ያለ ሰው በሌላው ሰርቨር ላለ ፕሮጀክት ኢሹ የሚከፍትበትን መንገድ እየሠሩ ነው፤ ገና አልተጠናቀቀም። እስኪጠናቀቅ ድረስ፣ በውይይት የተደረሰበትን ውሳኔና ምክንያቱን በሁለት መስመር ጠቅልሎ ለውጡ ሲመዘገብ በሚጻፈው ማስታወሻ ውስጥ ማስፈር ይቻላል። ያ ማስታወሻ የጊት አካል ነው፤ ኮዱ ወደ ሄደበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።